ነፋስ ከጀርባ ሲሆን

ዋይኖ ካንጋስ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ የቦት ጫማውን በረዶ አራገፈ፤ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ደግሞ ኪሱ በደንብ መዘጋቱን በእጁ ዳሰሰ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜው አንድም ኮፍያ ጥሎ አያውቅም።

የአግነስ ቤይ ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ በፌብሩዋሪ ሁለተኛው ዓርብ ሁልጊዜ ሰው ይሞላዋል። በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ማራቶን አለ፤ በሱፒርየር ሐይቅ ዳር ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በማይል አሥራ ሦስት፣ በዚያ ብርድ። ሯጮቹ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ደረታቸው ላይ የሚለጥፉትን ቁጥር ይወስዳሉ። ቁጥሩን የምታድለው አርዲስ ፔልቶ ናት፤ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ከዋይኖ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ሴት። ከፊቷ ሁለት የካርቶን ሣጥኖች አሉ። በአንደኛው ቀይ ቁጥር አለ፤ ለግማሽ ማራቶን። በሌላኛው ሰማያዊ፤ ለአምስት ኪሎ ሜትር። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ለቀዩ የተመዘገበ ሰው ሰማያዊውን ልውሰድ ቢል ይሰጠዋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሣጥኖቹ ይታሸጋሉ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ደረቱ ላይ የተጻፈውን ይሮጣል።

ዋይኖ የግድግዳውን ሰዓት አየ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ።

ሰልፉ ላይ ስምንት ሰው አለ። ከኋላ ሁለተኛ የቆመው ዱዌን ነው፤ የልጁ የማርሊስ ባል። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ክረምቱን የወረዳውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ይከርማል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ፣ ሲያዩት የሚያስደስት ሰው ነው፤ ዋይኖም ይወደዋል። ከኖቬምበር ወዲህ ግን ዱዌን ስንት ቀን እንደሮጠ ዋይኖ ያውቃል። አራት ቀን ነው። አራተኛውም ቀን የጎረቤት ውሻ አባሮት ነው።

የዋይኖ ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ዱዌን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሰማያዊውን ቁጥር ይዞ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ግን ለዱዌን በአፉ እንዳይነግረው ቃል ገብቷል። ባለፈው እሑድ ማርሊስ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ “አባዬ፣ አንተ አትሩጥ ባልከው ቁጥር እሱ አዲስ ጫማ ይገዛል። ስለ ሩጫ አንድ ቃል ብትነግረው የእሑድ ምሳህን ቤትህ ነው የምትበላው” አለችው። እሷም ለምናው ነበር፤ እሷም ተቆጥታው ነበር፤ የተገኘ ነገር የለም። ዋይኖ እሺ አለ። ቃል የሚገባው አስቦ ነው፤ የገባውንም አያፈርስም። እሑድ ማታ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ነገሩን ሲያገላብጥ አደረና፣ ለአርዲስ አትናገር ያለው ሰው እንደሌለ ትዝ አለው።

ስለዚህ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሥራ አለው፤ ሰበብ አላስፈለገውም። ነገ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ቀስ እያለ የሚሄደውን መኪና የሚነዳው እሱ ነው፤ ይህን ሲያደርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የደከመ ይጭናል፣ የተጣለ ይለቅማል። የመኪናውን ቁልፍ ከአርዲስ ፈርሞ ይወስዳል። ፈረመ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ኪሱን ዳሰሰ፣ ከዚያ ከመሄድ ይልቅ ወንበር ስቦ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ጉልበቷን ጠየቃት። ቀጥሎ ድመቷን። ከዚያ የአዳራሹ ማሞቂያ ዘንድሮ ተጠግኖ እንደሆነ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሸተውን በሊጥ የተጠቀለለ የሥጋና የድንች ፓስቲ ማን እንደጋገረው ጠየቃት፤ ውስጡ ካሮት ያደረጉበት ሰዎች እንዳሉ መስማቱንና እንዲህ ያለ ነገር በእናቱ ዘመን እንደማይደረግ ነገራት። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነው። አርዲስ ቁጥር እያደለች ቀና ብላ አየችው። ዋይኖ ደንቆሮ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እሷም እንዳልደነቆረች እሱ ያውቃል። የሰልፉን ርዝመት በዓይኗ ለካች፣ ኋላ የቆመውን አየች፣ ከንፈሯን ሰበሰበችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

“ነገ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነው አሉ” አለ ዋይኖ። “ነፋሱ ሳይቆጠር። … እኔና አንቺ ብርድ ብርድ እንላለን። ለአንዳንድ ሰው ግን ብርድ ምንድን ነው? ወሬ ነው።”

አርዲስ ለአንዲት ወጣት ሴት ቀይ ቁጥር ሰጠች።

“አንድ ትልቅ ሰው አሉ” አለ ዋይኖ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ። “ስማቸውን አልጠራም። አንቺም አትጠይቂኝ። እንደ እሳቸው ያለ ሯጭ በዚህ ሐይቅ ዳር አልታየም። ሌላው ምስኪን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ይለፋል። ይቺ አሁን የሄደችው ልጅ፣ በየጠዋቱ በቤቴ በር ስታልፍ አያታለሁ፤ ቅንድቧ ላይ በረዶ ተጋግሮ። ታሳዝናለች። እሳቸው ግን… ልምምድ እኮ ለማይችል ሰው ነው፤ አይደለም እንዴ? የሚችል ሰው ምኑን ይለማመዳል?”

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

“መጽሔቶቹ ከውድድር በፊት ማረፍ ያስፈልጋል ይላሉ። ሁለት ሳምንት ይበቃል ይላሉ። እሳቸው ጠንቃቃ ናቸው፤ ከኖቬምበር ጀምሮ ነው ያረፉት። … እንዲህ ያለ ዕረፍት አይተሽ ታውቂያለሽ? ድብ እንኳ ክረምቱን ሲተኛ መሐል ላይ አንዴ ይገላበጣል።”

ከሁሉ በላይ የሳቀው ዱዌን ነው። እየሳቀ ከፊቱ የቆመውን ፖስታ አዳይ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፖስታ አዳዩ ኤልሮይ ማኪ ሆዱ ከቀበቶው አልፎ የወረደ ሰው ነው፤ ነገሩ ስለ እሱ እንደሆነ ዱዌን አልተጠራጠረም። ኤልሮይም አልተጠራጠረም፤ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ዋይኖ ደነገጠ። እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ያደረው፣ ዱዌን ሰምቶ ሲናደድ፣ ዱዌን ሰምቶ ሲያፍር፣ ዱዌን ጥሎት ሲወጣ የሚለውን ነበር። ዱዌን ሰምቶ ከሁሉ በላይ ሲስቅ የሚለውን አላዘጋጀም። ያልበደለው ኤልሮይ ደግሞ ተቀየመበት። ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ተኩል አልፏል። ሰልፉ ላይ የቀሩት ስድስት ናቸው።

ትንሽ ቀረብ ማለት እንዳለበት ገባው።

“ሰዓት ገዝተዋል ደግሞ” አለ። “አዲስ። ጥቁር። እጅጌያቸው ሥር ትበራለች። የልብ ምት ትቆጥራለች አሉ፣ እርምጃ ትቆጥራለች፣ እንቅልፍ ትቆጥራለች። … እስካሁን ከሦስቱ በአንዱ በደንብ እንደሠሩባት ሰምቻለሁ።”

ሰልፉ ሳቀ። ኤልሮይ ማኪ ባዶ እጁን አየ፤ ሰዓት አስሮ አያውቅም፤ ቀና አለና ዙሪያውን ይፈልግ ጀመር። ዱዌን መሳቁን አላቆመም፤ ግን ሳቁ እግሩ እንደተጎዳ ሰው አነከሰ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዋይኖ ይህን በጎን ዓይኑ አየና ልቡ ትንሽ ረጋ አለለት። ከዚያ ስለ እግራቸው አነሣ። እኒህ ሰው በትምህርት ቤት ዘመናቸው የወረዳው ሁለተኛ ሯጭ እንደነበሩ፣ እግር ደግሞ አንዴ የተማረውን እንደማይረሳ ራሳቸው ደጋግመው ሲናገሩ መስማቱን ለአርዲስ ነገራት። እሱ ራሱ የልደቱን ቀን እየረሳ እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው እግር ማየት እንደሚያስቀናው ነገራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለመርሳት ቀላል እንዳልሆነ፣ ያም ሆኖ እግሩ እስከ አምስተኛው ማይል ድረስ ሁሉን እንደሚያስታውስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አንዳንድ ነገር እንደሚጠፋበት ነገራት። አርዲስ አንገቷን ደፍታ ቀይ ቁጥር ትፈልጋለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

አግነስ ቤይ ውስጥ ስለዚያ መንገድ የማያውቅ የለም። ከጣቢያው ተነሥቶ ሐይቁን ተከትሎ እስከ ድሮው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያ አንድ በርሜል አለ፤ ሯጩ በርሜሉን ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። ሲሄዱ ነፋሱ ከጀርባ ነው። ከጀርባ የሚመጣ ነፋስ አይታወቅም። ሰውየው ብርዱ የተሻለ ይመስለዋል፣ ጉልበቱ የተጨመረ ይመስለዋል፣ ያልበዋል፣ ጃኬቱን አውልቆ መንገድ ዳር ይጥላል። በርሜሉን ሲዞር ያ ነፋስ ፊቱ ላይ ነው። የተዘጋጀ ሰው መሮጡን ስለማያቆም ሙቀቱን ይዞ ይገባል። ያልተዘጋጀው ስምንተኛው ማይል ላይ መራመድ ይጀምራል፤ በላብ የራሰ ካናቴራ ለብሶ፣ ያለ ጃኬት፣ ከሐይቁ የሚመጣውን እየተቀበለ። ዋይኖ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ስሕተት ሲሠሩ ያያቸው እንግዶች አይደሉም። እንግዳ ፈሪ ነው፤ ልብሱን አይጥልም። ይህን የሚሳሳቱት ብርዱን እናውቀዋለን የሚሉ የአገሩ ልጆች ናቸው።

“ቸርነታቸውስ?” አለ ዋይኖ። “ሦስተኛው ማይል ላይ ጃኬታቸውን ለድሃ ይሰጣሉ። አራተኛው ላይ ጓንታቸውን። አምስተኛው ላይ ኮፍያቸውን። እኔ ከኋላ እየለቀምኩ ለቤተ ክርስቲያኑ የአሮጌ ልብስ ሱቅ አስገባለሁ። አንቺ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ትሸጪ የለ? እንደ እሳቸው ያለ ለጋሽ አጋጥሞሽ ያውቃል? … አምና የሰጡትን አረንጓዴ ጃኬት አራት ዶላር ከፍላ የወሰደችው ሴት ማን ነበረች? ተይው፣ አትንገሪኝ። የት እንደምትተኛ ብቻ ነው የማውቀው።”

አሁን ዱዌን አይስቅም። ማርሊስ ከሱቁ ገዝታ የመለሰችለት አረንጓዴው ጃኬት ላዩ ላይ ነው። ሰልፉ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ዞረ፤ ኤልሮይ ማኪም በሙሉ አፉ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። የዱዌን ጆሮ ቀላ። ግን ከሰልፉ አልወጣም። ሰው ሲስቅበት የሚወጣ ሰው አይደለም። እንዲያውም አገጩን ከፍ አድርጎ ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ ያይ ጀመር።

ዋይኖ ዓይኑ ወዴት እንደሄደ አየ። ዱዌን ያን ሰሌዳ ባያየው ይመርጥ ነበር።

ሰሌዳው ከሜፕል እንጨት የተሠራ ነው። ግማሽ ማራቶኑን አሥር ዓመት ሳያቋርጡ የጨረሱ ሰዎች ስም በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። አሥራ አራት ስም አለ። የመጨረሻው የዱዌን ነው፤ አምና የተጻፈ። ዱዌን ዘንድሮም አልቀርም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ያቋረጠ ሰው ስሙ አይፋቅም፤ ግን ከጎኑ አዲስ ዓመት አይጨመርለትም፤ ይህም አግነስ ቤይ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

አምና የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አሥረኛው ማይል አካባቢ ዋይኖ መኪናውን እየነዳ ሲመጣ፣ ዱዌን በአንድ የፖስታ ሣጥን ሥር የበረዶ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ካናቴራው ደረቱ ላይ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ፊቱ ፈገግ ብሏል። አይበርድህም ወይ ሲለው አይበርደኝም፣ ሞቆኛል አለ። ዋይኖን ያስደነገጠው ይህ ነው። በዚህ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው፣ በዚያ ብርድ ተቀምጦ ሞቆኛል የሚል ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። ጎትቶ መኪናው ውስጥ አስገባው። ማሞቂያውን ከፈተ፣ ብርድ ልብስ ጠቀለለበት፣ ሻይ በማንኪያ አጠጣው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዱዌን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዋይኖ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል መንቀጥቀጥ አላየም። ዱዌን አፉ መናገር ሲችል የለመነው ሆስፒታል አልነበረም። ሰሌዳው ነበር። አሥረኛ ዓመቴ ነው አለ። አባት እንደሚለመን ለመነው። በዚህች ከተማ ሰዓት የሚያዘው መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የሚቆጥር የለም። ዋይኖም አንድ ማይል ያህል ሲቀር ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ጀርባ አወረደው፤ ዱዌን እጁን አንሥቶ ገባ፤ ሰው አጨበጨበ። ለማርሊስ እግሬን ወለም ብሎኝ ዘገየሁ አላት። ዋይኖም አጠገቡ ቆሞ ዝም አለ።

ያን ቀን ለልጁ ነግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሲያስብ ከርሟል። ዱዌን ሰው ሳያይ መኪናው ውስጥ እንደገባ ሁሉ ነገ ደግሞ ሰው ሳያይ ሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከጥድ ዛፎቹ ኋላ፣ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ፣ የሰባ አራት ዓመት ዓይን በማያይበት። ያኔ ማርሊስ ቤት ሄዶ በር የሚያንኳኳው ማን ነው?

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ኤልሮይ ማኪ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፤ ሰማያዊ ቁጥር ጠይቆ፣ ለዋይኖ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እያፏጨ ወጣ። ቀጥሎ ዱዌን ነው።

ዋይኖ ይህን ማንሣት አልፈለገም ነበር። ሌላ ግን አልቀረውም።

“ሰሌዳው ቀለሙ አምሮበታል፤ አላየሽውም?” አለ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አሥር ዓመት ሳያቋርጡ። ትንሽ ነገር አይደለም። … ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ፣ ሁለት መቶ አሥር መሆን አለበት። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ይጠፋብኛል። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ከእኔ ፊት ነበር የምትቀመጪው። በእኔ ሒሳብ ግን… ሦስት ተኩል ያህል ይጎድልብኛል። የት እንደወደቀ እንጃ። መኪናው ውስጥ ሁሉ ፈልጌያለሁ።”

የአርዲስ እጅ ሣጥኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ከኋላ የቀረው ሯጭ ምንም አልገባውም። ዱዌን ግን ፊቱ ነጣ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀላ፤ ከዚያ ደግሞ ዋይኖ ያልጠበቀው ዓይነት ፊት ሆነ። የወሰነ ሰው ፊት።

ዋይኖ የሠራውን ወዲያው አወቀው። ይህ ሰው እዚህ ሲገባ ግማሽ ልቡ ያመነታ ነበር፤ ምናልባት ሣጥኖቹን ሲያይ ይለሳለስ ነበር። አሁን ግን የጎደለ አለበት ተብሏል። የጎደለውን ሊሞላ ነው። ነገ ቢሞት አያቆምም፤ መኪናው አጠገቡ ሲደርስም አይገባም። ዋይኖ ሊያስቆመው መጥቶ መቆም የማይችልበትን ምክንያት በእጁ ሰጠው።

አርዲስ ከሁለቱም ሣጥን አንድ አንድ አወጣችና ጎን ለጎን ዱዌን ፊት አስቀመጠች። ለሌላ ሰው እንዲህ አላደረገችም። ዱዌን ጣቱን ቀዩ ላይ አደረገ። እሷም ትንሽ ጠብቃ እስክሪብቶ ሰጠችው። ከቁጥሩ ጀርባ መስመር አለ፤ ሯጩ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ ይጻፍበታል። ዱዌን ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ዋይኖ ከተቀመጠበት ያያል፤ ፊደሉ ተቻኩሎ የተወረወረ ነው። ማርሊስ።

ዋይኖ ሌሊት ያዘጋጀው አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ያሰበው ነገር አልነበረም። ሲናገር ድምፁ ጸሎት እንደሚያደርግ ሰው ለስልሶ ወጣ።

“እንግዲህ አርዲስ፣ እኛ ሽማግሌዎች ከመመረቅ በቀር ምን እንችላለን? … እግዚአብሔር መንገዳቸውን ያቅናላቸው። እሳቸው ለራሳቸው ያውቃሉ። እኔስ የማስበው ለሚስታቸው ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ናት ገና። መልኳን እንደሆነ አምላክ ሳይሰስት ነው የሰጣት። ቤታቸው ዕዳ የለበትም። የማገዶው ክምር እስከ ሜይ ይበቃል። ሳውናው ባለፈው በጋ ነው ያለቀው፤ እንዲህ ያለ ሳውና በወረዳው የለም።”

ሳውናውን፣ ያን የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ፣ ዱዌን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ሁለት በጋ ፈጅቶበታል። እስክሪብቶው የስልኩ ቁጥር መሐል ላይ ዘገየ።

“እንዲህ ያለች ሴት በዚህ አገር ብቻዋን አትከርምም” አለ ዋይኖ። “አይፈቅዱላትም። ሀዘኗን ሳትጨርስ በረዶ እንጥረግልሽ የሚሉ ይመጣሉ። እና እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣው ሰው ደግ ይሁንላት። ሳውናው ውስጥ አግዳሚው ላይ ጋደም ሲል፣ የሠራውን ሰው እጅ የሚያደንቅ ይሁን። እንጨቱን የማያባክን፣ ውጭ ሲወጣ ቴርሞሜትር አይቶ የሚወጣ ይሁን። እሷንም እግዚአብሔር ቶሎ ያስረሳት። ከዚህኛው ጋር እንደሳቀች ከዚያኛውም ጋር ያስቃት፤ ረጅም ዕድሜ ለሁለቱ ይስጥልኝ። … አሜን በይ እንጂ አርዲስ።”

አርዲስ አንገቷን ደፋች። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

ዱዌን ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋይኖን አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አለ፣ ግን ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ አላገኘም። አማቱ አሁን አይቀልድም፤ ሽማግሌው ዓይኑን ከቀዩ ቁጥር ጀርባ፣ ከማርሊስ ስም ላይ፣ አላነሣም።

ዱዌን ቀዩን ቁጥር ገለበጠና በአንድ ጣቱ ወደ አርዲስ ገፋው። ሰማያዊውን ሳበ። ገልብጦም ከቁጥሩ ጀርባ የሚስቱን ስም እንደገና ጻፈ፤ በዚህኛው ላይ ግን በቀስታ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ማንም ሰው ሊያነበው እንዲችል አድርጎ።